የጂም ማሽኖች የሚነግሩን ካሎሪ ምን ያህል ይታመናል? ከደብረ ብርሃን የአራት ወር ልምድ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቤት ወጥቶ መንገድ ላይ መሮጥ ለወጣትም ይከብዳል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል፤ ዕድሜው አርባን ያለፈና የደም ስኳሩ ከፍ ማለት ጀምሯል የተባለ እንደኔ ያለ ሰው ደግሞ ቅዝቃዜውን ሰበብ አድርጎ ለመቅረት ጊዜ አይፈጅበትም። የጤና ባለሙያው ክብደት እንድቀንስ ሲመክረኝ ከዋናው መንገድ ዳር ባለ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ በሚገኝ አንድ ጂም የተመዘገብኩት በዚህ ምክንያት ነው። ከጥቅምት መጀመሪያ አንሥቶ በሳምንት አራት ቀን ስሠራበት ቆይቻለሁ።

ስለ ቤቱ አጠቃላይ ሁኔታ ብዙ የምለው የለኝም። ንጹሕ ነው፤ ማለዳ በሰዓቱ ይከፈታል፤ አሠልጣኞቹ ሰው አክባሪዎች ናቸው፤ መብራት በጠፋ ቀን ግን ሙቅ ውኃ አይገኝም። በሰፊው ሊነገርለት የሚገባው ጉዳይ ማሽኖቹ በስክሪናቸው ላይ የሚያሳዩት የካሎሪ ቁጥር ነው። እዚያ ቤት ከሚመጣው ሰው አብዛኛው የሚመጣው ክብደት ለመቀነስ ነው፤ ቁጥሩንም እንደ ላቦራቶሪ ውጤት አምኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እኔም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አምኜ ነበር። አሠልጣኙ ትሬድሚሉ (በሚሽከረከር ላስቲክ ላይ ባሉበት የሚሄዱበት ማሽን) ላይ አቁሞኝ አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫነልኝና ፍጥነቱን በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ላይ አደረገልኝ፤ ከግማሽ ሰዓት ፈጣን እርምጃ በኋላ ስክሪኑ 162 አለ። ከጎኔ ኤሊፕቲካል (እጅና እግር እያወዛወዙ የሚሠሩበት ማሽን) ላይ ይሠሩ የነበሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በ25 ደቂቃ 280 አድርሰዋል። እሳቸውም ስኳር እንዳለባቸውና መድኃኒት እንደሚወስዱ ነግረውኝ ነበርና ፎጣቸውን እያጠፉ፣ «ዛሬስ ሦስት መቶ ልሞላ ምንም አልቀረኝ፤ አሁን ሻዬን ከነዳቦዬ ብጠጣ አይጎዳኝም» ሲሉኝ ደነገጥኩ።

«እትዬ፣ ግን ቁጥሩ ልክ ነው ይላሉ?» አልኳቸው።

«ማሽን ምን አድርጎ ይዋሻል ልጄ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። የፊዚክስ መምህር ሆኜ ሳለሁ በየዕለቱ የማነበው ቁጥር ከየት እንደሚመጣ አለማወቄ አሳፈረኝ፤ እሳቸው ምግባቸውን በዚያ ቁጥር መመጠናቸው ደግሞ ከዚያ የባሰ አሳሰበኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ መምጣት ጀመርኩ።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ማሽኑ ሰውነታችን ውስጥ ምን እንደሚቃጠል የሚያይበት መንገድ የሌለው መሆኑን ነው። አንድ ሰው እንቅስቃሴ ሲያደርግ ምን ያህል ካሎሪ እንደሚያቃጥል በትክክል የሚለካው አፍና አፍንጫው ላይ ጭምብል ተደርጎለት፣ የሚስበው ኦክስጅንና የሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተመዝግቦ ነው። ሰውነት አንድ ሊትር ኦክስጅን ሲጠቀም ወደ 5 ኪሎ ካሎሪ ያወጣል፤ በስክሪኑ ላይ «ካሎሪ» ተብሎ የሚጻፈውም በእርግጥ ኪሎ ካሎሪ ነው። ትሬድሚሉ ጭምብል ስለሌለው በቀመር ይገምታል። ለዚህ በስፋት የሚታወቀው የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ያወጣው ቀመር ነው፦ በሜዳ ላይ በእግር ለሚሄድ ሰው፣ ፍጥነቱ በደቂቃ በሜትር ተወስዶ በ0.1 ይባዛል፤ በዚያ ላይ 3.5 ይደመራል፤ የሚገኘው ውጤት ሰውየው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በደቂቃ የሚጠቀመው ኦክስጅን በሚሊ ሊትር ነው። 3.5 የተባለው ሰው ዝም ብሎ በተቀመጠበት ጊዜም የሚጠቀመውን የሚወክል ቁጥር ሲሆን፣ ብዙ አዋቂዎች ዕረፍት ላይ ሆነው ሲለኩ ከዚህ ያነሰ ይገኝባቸዋል።

ቀመሩ መጥፎ አይደለም፤ ችግሩ ለቀመሩ የሚቀርብለት መረጃ ነው። ማሽኑ ክብደቴን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም፤ ታዲያ በማን ክብደት ነው ያሰላው? ይህን ለማወቅ በሦስት የተለያዩ ቀናት ያንኑ ፍጥነት ለግማሽ ሰዓት ሠራሁ። አረንጓዴውን ቁልፍ ብቻ ስጫን 162 መጣ። ክብደት 80 ኪሎ ብዬ ሳስገባ ያው 162 መጣ። ትክክለኛ ክብደቴን 64 ኪሎ ብዬ ሳስገባ ደግሞ 130 ሆነ። ስለዚህ ማሽኑ ያልተነገረውን ሰው ሁሉ 80 ኪሎ ነው ብሎ ይነሣል፤ እኔ ስረግጠው ከጎኔ የሌለ የ16 ኪሎ ሸክም አብሮ ይቆጥርልኝ ነበር ማለት ነው። ይህን ለአሠልጣኙ ስነግረው፣ «መምህር፣ ሰው ሲመጣ ቶሎ መጀመር ስለሚፈልግ እኛም እሱን ቁልፍ ነው የምንጫንለት» አለኝ፤ ቀጥሎ በመጣው ደንበኛ ላይ ግን ክብደቱን ጠይቆ ሲያስገባለት አየሁና ደስ አለኝ።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ፍጥነቱ ላይ ነበር። ስክሪኑ 6.0 ሲል እውነት 6.0 ነው? ይህን ለመፈተሽ የሚያስፈልገው የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ጠመኔና የእጅ ሰዓት ብቻ ነው። አሠልጣኙ ማሽኑን ከመብራት ነቅሎልኝ እግር የሚረግጠውን ጥቁር ላስቲክ፣ ጠጋኞች ቺንጊያ የሚሉትን ማለቴ ነው፣ ዙሪያውን በእጃችን እየጎተትን ለካነው፤ 2 ሜትር ከ86 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ጠርዙ ላይ በጠመኔ ወፍራም መስመር አሰመርኩበት። ከዚያ እሱ ሰዓት ይዞ፣ እኔ በ6.0 እየሄድኩ፣ አንድ ሦስተኛ ሰው ደግሞ ከኋላ ተቀምጦ ነጩ መስመር ብቅ ባለ ቁጥር ጮክ ብሎ ቆጠረ። ማንም ሰው ሳይቆምበት ባዶውን መቁጠር አይበቃም፤ ላስቲኩ የሚዘገየው የሰው ክብደት ከሥሩ ካለው ጣውላ ጋር ሲያጣብቀው ነው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ 65 ዙር ተቆጠረ። 65 ጊዜ 2.86 ሲባዛ 186 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህም በደቂቃ 93 ሜትር፣ በሰዓት ወደ 5.6 ኪሎ ሜትር ነው። ስክሪኑ ያለው 6.0 ቢሆን ኖሮ በሁለት ደቂቃ 70 ዙር መሞላት ነበረበት።

በእውነተኛው ፍጥነትና በእውነተኛው ክብደቴ ሲሰላ የግማሽ ሰዓቱ ሥራዬ 123 ኪሎ ካሎሪ ነው። በዚህም ላይ አንድ ቀሪ ነገር አለ። ከ123ቱ ውስጥ 34ቱ ያን ግማሽ ሰዓት ቤቴ ወንበር ላይ ተቀምጬ ባሳልፈውም፣ በዚያው ቀመር መሠረት፣ የማወጣው ነበር፤ ልቤ ለመምታት፣ ሳንባዬ ለመተንፈስ፣ ሰውነቴ ሙቀቱን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ማለት ነው። በመሄዴ ብቻ ያተረፍኩት 89 ነው። ማሽኑ በመጀመሪያው ቀን 162 ብሎኝ ነበር።

ይህ ልዩነት ለምን እንደሚያስጨንቀኝ ለማስረዳት ወደ ማጀት ልግባ። ወጥ ውስጥ የሚጨመር አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል አለው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ሞላ ካለ፣ ከ16 እስከ 20 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ ሁለት ማንኪያ የሚጨምር ሰው ሻዩ ብቻውን ከ30 ያልፋል። እኛ ሰሜን ሸዋዎች «ቀላል ነገር ነው» ብለን የምንበጠብጠው በሶ እንኳ በ100 ግራም ዱቄቱ ወደ 350 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። 162 አቃጥያለሁ ብሎ የሚያምን ሰው ስፖርቱ ለዘይቱም ለሻዩም የሚበቃ ይመስለዋል፤ 89 መሆኑን የሚያውቅ ሰው ግን የዘይቷን ማንኪያ እንኳ እንዳልሸፈነ ያያል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ የሚይዝ በመሆኑ በየቀኑ የሚደረግ የሰባ ካሎሪ ስሕተት በወራት ውስጥ ተጠራቅሞ ሚዛን ላይ ይታያል፤ «ይህን ያህል እየሠራሁ ለምን አልቀነስኩም?» የሚለው ቅሬታ በብዛት የሚመነጨው ከዚህ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ትሬድሚል ስሕተቱ በተቃራኒው ነው። ከውጭ ሲመጣ በማይልና በፓውንድ እንደተስተካከለ የቀረ በመሆኑ ስክሪኑ ላይ 4 ሲል በሰዓት 6.4 ኪሎ ሜትር ማለቱ ነው፤ ክብደት 64 ተብሎ ሲገባለትም 64 ፓውንድ፣ ማለትም የ29 ኪሎ ሕፃን የቆመበት ይመስለዋል። አንዲት ወጣት ለሳምንታት እየሮጠች ቁጥሩ ከጓደኞቿ ግማሽ አልሞላ ብሏት ተስፋ ቆርጣ ነበር፤ ጥፋቱ የእሷ አልነበረም።

በትሬድሚል ላይ ሌላው ትልቅ ስሕተት የሚፈጠረው በማሽኑ ሳይሆን በእጃችን ነው። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር በሜዳ የሚሄድ ሰው በቀመሩ መሠረት በኪሎ 11.8 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን በደቂቃ ሲጠቀም፣ ማሽኑ 10 በመቶ አቀበት ላይ ከተደረገ ግን 26.8 ይደርሳል፤ ከእጥፍ በላይ ነው። ስክሪኑም በዚያው መጠን ቁጥሩን ያሳድጋል። ነገር ግን ማለዳ ማለዳ የማየው ሰው አቀበቱን ጨምሮ ከፊት ያለውን ብረት በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ኋላ ተንጋሎ ነው የሚሄደው። እንደዚያ ሲሆን ክብደቱን በከፊል ብረቱ ይሸከምለታል፤ ገላውም ከላስቲኩ ጋር ያለው ማዕዘን ሜዳ ላይ እንደሚሄድ ሰው ይሆናል፤ ማሽኑ ግን ይህን አያውቅምና ሙሉውን አቀበት ይቆጥርለታል። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ያለውን አቀበት በእግሩ የወጣ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል፤ እዚያ የሚጨበጥ ብረት የለም፣ ጉልበት ራሱ ነው የሚሠራው። ብረቱን ሳይጨብጡ መውጣት ካልተቻለ አቀበቱን ወይም ፍጥነቱን መቀነስ ነው የሚሻለው። ሚዛን ለመጠበቅ የሚቸገሩ አረጋውያን መያዛቸው ተገቢ ነው፤ እነሱ ቁጥሩን ባያዩት ይሻላል።

ከቤቱ ማሽኖች ሁሉ የምተማመነው መስኮቱ አጠገብ ባለው አዲሱ ሳይክል ነው። ምክንያቱ ዋት፣ ማለትም በየሰከንዱ የሚሠራውን ሥራ መጠን፣ የሚያሳይና ጭነቱ ሲጨመር ዋቱም አብሮ የሚጨምር መሆኑ ነው፤ ፔዳሉ ላይ የተደረገው ሥራ ደግሞ በሰውየው ክብደት ወይም አረማመድ ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። 75 ዋት ለ30 ደቂቃ ሲሠራ 135 ኪሎ ጁል ይሆናል። የሰው ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ ፔዳል የሚያደርሰው ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆነውን ሲሆን የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ አንድ ኪሎ ካሎሪ ደግሞ 4.184 ኪሎ ጁል ነው። እነዚህ ሁለቱ፣ አንዱ በአራት ገደማ ሲያካፍል ሌላው ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ስለሚያባዛ፣ ይካካሳሉ፤ ስለዚህ በፔዳል የተሠራው ኪሎ ጁልና ሰውነት ያቃጠለው ኪሎ ካሎሪ በቁጥር ይቀራረባሉ። በእኔ ስሌት ከ129 እስከ 161 መካከል መሆን ነበረበት፤ ሳይክሉ 140 አለኝ። ከአንድ የጂም ማሽን ከዚህ የበለጠ መጠበቅ አይቻልም።

በሩ አጠገብ ያለውን አሮጌ ሳይክል ግን ማንም እንዳያምነው እመክራለሁ። ጭነቱን የሚያጠብቀውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አላልቼ በደቂቃ 60 ዙር ለ10 ደቂቃ ስነዳው 52 ካሎሪ አለኝ፤ ዐርፌ ሳበቃ ቁልፉን ጉልበቴ እስከቻለው አጥብቄ፣ ላብ ከግንባሬ እየወረደ፣ በዚያው 60 ዙር ለ10 ደቂቃ ስነዳው አሁንም 52 አለኝ። የሚቆጥረው የፔዳሉን ዙር ብቻ ነው፤ የተደረገውን ትግል አያውቅም። ማንኛውም ሰው ይህን ፈተና በራሱ ጂም ውስጥ በ20 ደቂቃ ሊያደርገው ይችላል።

ወደ እትዬ ኤሊፕቲካል ስመለስ፣ ከሁሉም የከፋውን ግምት ያገኘሁት እዚያ ነው። ለእርምጃና ለሩጫ እንዳለው ዓይነት የተለመደ ቀመር ለኤሊፕቲካል የለም፤ የእርምጃው ርዝመትና የመወዛወዣው ቅርጽ ከአንዱ ሠሪ ወደ ሌላው ስለሚለያይ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ስሌት ይጭንበታል። እግርም ከመርገጫው ላይ ስለማይነሣ ሰውነት ራሱን የሚያነሣበት ሥራ ይቀርለታል። በሳይክሉ 75 ዋት ስሠራ የልብ ምቴ በደቂቃ 118 ነበር፤ ኤሊፕቲካሉ ላይ ምቴን እዚያው 118 ላይ ጠብቄ ግማሽ ሰዓት ስሠራ 262 ብሎ ጻፈልኝ። በእጅም በእግርም የሚሠራ ማሽን ስለሆነ ከሳይክሉ በመጠኑ ቢበልጥ አይገርምም፤ በአንድ ዓይነት የልብ ምትና በአንድ ዓይነት ትንፋሽ ወደ እጥፍ መቅረቡ ግን የሚታመን አይደለም። ማሽኑ ራሱ ለጉልበት መገጣጠሚያ የማይጎረብጥ ግሩም መሥሪያ ነው፤ ቅሬታዬ በቁጥሩ ላይ ብቻ ነው።

የልብ ምት መያዣ ያላቸው ማሽኖችና የእጅ ሰዓቶች የተሻሉ ይመስሉ ይሆናል። የልብ ምት ግን በሥራ ብቻ አይጨምርም፤ ቡና፣ ንዴት፣ እንቅልፍ ማጣትና ከፍታም ያፈጥኑታል፤ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ደግሞ ያዘገዩታል። 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ሸዋ ሮቢት ለሥልጠና መጥቶ አብሮኝ የሠራ የሥራ ባልደረባዬ በመጣ በማግሥቱ በዚያው ፍጥነት ከጎኔ ሲሄድ ልቡ በደቂቃ 131 ሲመታ የእኔ 112 ነበር። ክብደታችን ተቀራራቢ ነው፤ በአንድ ፍጥነት ለመሄድ የሚያስፈልገው ኦክስጅንም ከቆላ ስለመጡ ብዙ አይለወጥም፤ የሳሳውን አየር ለማካካስ ልቡ ስለፈጠነ ብቻ ግን የእጅ ሰዓቱ 210 ካሎሪ ሸለመው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት ዓይነት የእጅ መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ፈትነው ያገኙትም ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ ከሰባቱ ስድስቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባነሰ ስሕተት ሲለኩ፣ በካሎሪ ግን ከሁሉም የተሻለው በአማካይ በ27 በመቶ፣ ከሁሉም የከፋው በ93 በመቶ ተሳስተዋል።

ደብተሬን ለጂሙ ኃላፊ ሳሳየው አልተቆጣም፤ ይህንንም በበጎ ጎኑ ልመሰክርለት ይገባል። የመጀመሪያውን ትሬድሚል ጠጋኝ አስጠርቶ ከላስቲኩ ሥር ሲሊኮን አስቀባው፤ መልሰን ስንቆጥር በሁለት ደቂቃ 69 ዙር ሆነ፣ ይህም በሰዓት 5.9 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለተኛው ወደ ኪሎ ሜትርና ኪሎ ግራም ተቀየረ። አሮጌው ሳይክል ግን እስካሁን በሩ አጠገብ አለ፤ ስክሪኑን እንዲሸፍኑት ጠይቄ «እናየዋለን» ተብያለሁ። ስለዚህ ቤቱን ለእንቅስቃሴ እመክራለሁ፤ ለመመዝገብ የሚሄድ ሰው ግን ማሽኑ ላይ ሲወጣ በመጀመሪያ ክብደቱን ያስገባ፣ ከሚያየው የካሎሪ ቁጥርም ላይ ምግብ አያወራርድ።

እትዬ ኤሊፕቲካሉን ስለሚወዱት አልተዉትም፤ የካሎሪውን ቦታ ግን በፎጣቸው ጫፍ ይሸፍኑታል፤ ዳቦውንም ሐኪማቸው በነገሯቸው መጠን ነው የሚበሉት። ለልብ ሥራ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን አዲሱን ሳይክል ይነዳሉ። በኅዳር ወር ለ20 ደቂቃ 35 ዋት ይዘው መቆየት ይከብዳቸው ነበር፤ ባለፈው ረቡዕ 48 ይዘው ጨረሱና በደብተሬ ላይ ራሳቸው ጻፉት።